ውሃ የመጣ ቀን

ደብተሩን የገዛሁት ለውሃ ነበረ፤
ከግቢው ቧንቧ በላይ ሚስማር ላይ ታሰረ፣
እርሳሱም በሲባጎ ጎኑ ላይ አደረ።

ጎንደር ላይ የሚኖር ያውቀዋል ነገሩን፤
ውሃ ቀን ቆጥሮ ነው የሚያንኳኳው በሩን፤
አንዳንዴ በአሥር ቀን፣ አንዳንዴም በሃያ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ።
አንገረብ ሞልቷል ሲሉ በክረምት ሰማሁ፤
እኔ ግን ቧንቧው ሲያስል ለመስማት አደርሁ።

ቤቱ የቀበሌ፣ ቧንቧው አንድ፣ እኛ ሰባት አባወራ፤
ሰልፍ የሚያስከብር ሲጠፋ፣ እኔን አሉኝ «አደራ»።
ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ፣
የሰውን ጉዳይ ሁሉ በቁጥር ያሰርሁ፣
ለዚህስ አላንስም ብዬ እንዲህ ስል ጀመርሁ፦

«ኅዳር ዘጠኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት መጣ። ድፍርስ ነው።
ኅዳር ሃያ አንድ። ጎህ ሲቀድ። ለሁሉም ደርሷል።
ታኅሣሥ አራት። አልመጣም።
ታኅሣሥ አምስት። አልመጣም።
ታኅሣሥ ስድስት። መጣ። ጭቅጭቅ ተነሥቷል። አንድ ጀሪካን ተሰብሯል።»

ተሰብሯል።
የመዝገብ ቤት አማርኛ እንዲህ ነው፤
አድራጊ የለውም፤ ማኅተም ብቻ ነው ያለው።
«ተወስኗል»፣ «ታግዷል»፣ «ፋይሉ ጠፍቷል»፤
ማን ወሰነ? ማን አገደ? ማን ጣለው? ዝም ብሏል።

በሳምንቱ ልቀዳ ስወጣ ገለጥሁት፤
ያንን አንድ ቃል ቆሜ አነበብሁት፤
ከሥሩ ትንሽ ቦታ ነበረች፣ ጻፍሁባት፦

«የማንጠግቦሽ ጀሪካን ነው። ቢጫው።»

ሌላ ቀን ጨመርሁ፦

«በእግር ተመትቶ ነው።»

በማን እግር?

ከአጥራችን ማዶ የፋሲል ግንብ ጨረቃውን ተሸክሞ ቆሟል።
ነገሥታቱስ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበራቸው፤
ስለ ራሳቸው ሌላ ሰው ይጽፍላቸው፣
ጥፋቱን ትቶ ድሉን ያበዛላቸው።
እኔ ያለኝ ይህች በሲባጎ የታሰረች እርሳስ ናት፤
የታሰረችው እሷ፣ የታነቅሁት እኔ።

ጥር አሥራ ሁለት፣ ከተማው ገና ከጥምቀተ ባሕሩ እርጥብ ሳለ፦

«የመታሁት እኔ ነኝ። ተራዋ ነበር።
ተራዬ ነው ብዬ ዋሸሁ። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

እጄ «እኔ» የሚለውን ቃል መጻፍ ስላላወቀ፣
እንደ ተማሪ ሕፃን ተንጋደደ፤ መስመር አልጠበቀ።

ነገ መጣ። ውሃ አልመጣም። እኔም አልሄድሁም።
«ነገ» ብዬ ጻፍሁ።
ደግሞ፣ «ነገ»።

የካቲት ላይ ደብተሩን ወደ ኋላ ስገልጠው፣
በውሃው ቀኖች መካከል የተሰገሰገው የኔው «ነገ» ነው።
የሰው ፋይል ቢሆን፣ ከሌላ ፋይል ሥር ይገባል፤
የገዛ እጅ ጽሑፍ ግን ሚስማር ላይ ሆኖ ያያል።

ከአራዳ ቢጫ አጥቼ ሰማያዊ ገዛሁ፤
ያጠናሁትን ቃል ይዤ በሯ ላይ ቆምሁ፤
ጠፋኝ።
«ሰበርሁ» አልሁ። እሱኑ ብቻ።

ማንጠግቦሽ ጀሪካኑን ተቀበለች፤
ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አሸተተች።
«አንብቤዋለሁ እኮ» አለች፣
«ቧንቧ ላይ ሰቅለው ማን አያነብም ብለው ነው?
ሦስቴ ነገ ብለዋል፤ ውሃው እንኳ ቀደመዎ።»
ትሳቅ፣ ትቆጣ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።
በሩን ግን አልዘጋችውም።

የውሃውን ደብተር እዚያው ተውሁት።
ለራሴ ሌላ ገዛሁ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ፤ ከትራሴ ሥር ይተኛል።
አሁንም እጄ ወደ ድሮው ሥራው ሲመለስ እይዘዋለሁ።
ዛሬ ማታ እንኳ፣

«መጋቢት ሁለት። ለልጄ አልተደወለም»

ብሎ ጽፎ አገኘሁት።
ሰረዝሁት፦

«አልደወልሁላትም።»

ሰዓቱ ገና ሦስት አልሞላም።
አልተኛች ይሆናል።